ገመዱ ለቅርንጫፉ ነው

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በግንጪም ሆነ በአዲስ ዓለም፣ ግቢ ውስጥ የበቀለ አሮጌ ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ ሲቆረጥ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ገመድ አለ። ገመዱ የታሰረው ግን በሰውየው ወገብ ላይ ሳይሆን በቅርንጫፉ ላይ ነው። ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ሲወርድ የባለቤቱን ቆርቆሮ እንዳይበሳ፣ የጎረቤቱንም አጥር እንዳያፈርስ በጥንቃቄ ይታሰራል፤ ሁለት ጎረምሶች ከታች ሆነው ጫፉን ይዘው ቀስ እያሉ ያወርዱታል። ቅርንጫፉን የሚቆርጠው ሰው ግን በባዶ እግሩ፣ አንድ ክንዱን ግንዱ ላይ ጠምጥሞ በሌላው ገጀራ እየሰነዘረ፣ ከመሬት አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ ይሠራል። ቢወድቅ የሚይዘው ነገር የለም። ቆርቆሮው ዋጋ አለው፤ ቅርንጫፉም ለማገዶ ይሸጣል። የሰውየው አጥንት ግን በዋጋው ክርክር ውስጥ አልተነሣም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰው የቆመ ሙግት ነው። ክሱም አጭር ነው፦ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚመለምልና የሚቆርጥ ሰው ባለሙያ ሆኖ ሳለ ለሙያው ስም ነፍገነዋል። ስም ስለነፈግነው ገመድ ነፈግነው፤ ገመድ ስለነፈግነውም ሰውየውንና ዛፉን አንድ ላይ እያጣን ነው።

ከስሙ ልጀምር። በምዕራብ ሸዋ ዛፍ ስም አጥቶ አያውቅም። አማርኛው ጥድ ያለውን ኦሮምኛው ጋቲራ ይለዋል፤ ዝግባው ቢርቢርሳ፣ ወይራው ኤጄርሳ፣ ዋንዛው ወዴሳ፣ ባሕር ዛፉም ባርጋሞ ነው። ከዛፉ የሚገኘውም እንጨት እንደየመልኩና እንደየውፍረቱ አጣና፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ቋሚ፣ ፍልጥ፣ ጭራሮ እየተባለ ይጠራል። አናጢው ስም አለው፤ የእንጨት ነጋዴው ስም አለው፤ ከሰል አክሳዩ እንኳ ስም አለው። ዛፉ ላይ የሚወጣው ሰው ግን ምን ይባላል? «ያ ዛፍ የሚቆርጠው ልጅ» ይባላል። ጠጉሩ ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶም «ልጁን ጥሩት» ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያፈለቀች ምድር ለአንድ ሙያ የሚሆን ስም አጣች ቢባል ማን ያምናል? ቃል አልጠፋም፤ የጠፋው ክብር ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና የስም ማጣትን ዋጋ በመስኮቴ በኩል አየዋለሁ። አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ «ሥራ» የሚል መስመር አለ። ነጋዴው ነጋዴ፣ መምህሩ መምህር፣ አርሶ አደሩም አርሶ አደር ብሎ ያልፋል። ዛፍ ቆራጩ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ትንሽ ያስብና «የቀን ሠራተኛ በለው» ይላል። የቀን ሠራተኛ ማለት ደግሞ ዛሬ ድንጋይ የሚሸከም፣ ነገ ቦይ የሚቆፍር፣ ሙያው የማይጠየቅ ጉልበት ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያች ቃል ይቀዳል። ሙያ የሌለው ሰው ለሙያ መሣሪያ ብድር አይጠይቅም፤ ቢጠይቅስ ምን ብሎ? ተንቀሳቃሽ ንብረት የብድር ዋስትና እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሞተር መጋዝም ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ መጋዙን ንብረት ሊያደርገው ይችላል እንጂ መጋዙን የያዘውን ሰው ባለሙያ ሊያደርገው አይችልም። ያ የእኛ ፋንታ ነበር።

የተካዮችን ስም ግን አሳምረን እናውቃለን። በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይተረካል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ወደ ሀገራችን መግባቱን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛይቱ አዲስ ዓለም ራሷ የእንጨት እጥረት ልጅ ናት፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲመናመን ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደዚያ ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ባሕር ዛፉ እየደረሰ ሲሄድ አዲስ አበባ ከመናገሻነቷ ሳትነሣ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በእኛም ዘመን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታውጇል።

መትከል ክቡር ሥራ ነው፤ ከተካዮች ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቆጠራው ጋር ነው። ስንት እንደተከልን እንቆጥራለን፤ ካደጉት ስንቱ በወጉ እንደተመለመለ ግን ማን ቆጥሮ ያውቃል? ችግኝ ለአቅመ ዛፍ ሲደርስ ጣራ ላይ ያዘነብላል፣ ሽቦ ይነካል፣ ይደርቃል፣ በክረምት ማዕበል ይገነጠላል። ችግኙን የሚተክለው እጅ መሬት ላይ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ዛፍ የሚንከባከበው እጅ ግን ወደ ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ ማንም አልተናገረም። «ምልመላ» የሚለው ቃል እንኳ ዛሬ በጆሯችን የሚያቃጭለው የአባላት ምልመላ ሆኖ እንጂ የዛፍ ምልመላ ሆኖ አይደለም።

«ዛፍ መቁረጥ ምን ሙያ አለው? ጎበዝ የሆነ ሁሉ ይወጣዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ ሰው መልሱ ሥራውን ራሱን ማስረዳት ነው። ሜዳ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ መውጣት አያስፈልግም፤ ከሥሩ ተገዝግዞ ወደ ባዶው ቦታ ይጣላል፤ ጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግሩ ዛፉ መውደቂያ ሲያጣ ነው፤ በአንድ በኩል ቤት፣ በሌላው የትምህርት ቤት አጥር፣ ከፊቱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲኖር። ያኔ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ እየተሸነሸነ መውረድ አለበት። ይህን የሚሠራ ሰው የቅርንጫፉን ክብደት፣ ተቆርጦ ሲለቀቅ ወዴት እንደሚወዛወዝ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የበሰበሰውን ከጤነኛው፣ እግሩ ያረፈበትም ጉጥ ይችለው እንደሆነ በአንድ ጊዜ ማስላት ይኖርበታል። ወይራ የሚሸከመውን ግራቪሊያ አይሸከምም፤ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል። በአጠገቡ ያለው መስመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል፤ ርጥብ ቅርንጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪክን ወደ ሰው ያደርሳል። ይህ ሁሉ ሙያ ካልሆነ ሙያ የምንለው ምንድን ነው?

ለዛፉም ቢሆን አቆራረጡ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከባድ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ በራሱ ክብደት ተገንጥሎ ሲወርድ የግንዱን ልጥ ይዞ ይላጣል። ስለዚህ በሦስት ቁርጥ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከሥሩ ወደ ላይ በጥቂቱ ይበጣል፤ ቀጥሎ ከዚያ አለፍ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጥና ቅርንጫፉ ይወርዳል፤ በመጨረሻ የቀረው ጉጥ በወጉ ይነሣል። በወጉ ማለት ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ ያለችውን እብጠት፣ ባለሙያዎቹ የቅርንጫፉ ኮሌታ የሚሏትን፣ ሳይነኩ ማለት ነው። አሌክስ ሺጎ የተባለው አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ዛፎችን በሞተር መጋዝ እየሰነጠቀ ሲያጠና ኖሮ፣ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉ እንደማይድንለት፣ ቁስሉን በውስጡ አጥሮና ዘግቶ እንደሚኖር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አስረዳ። አጥሩ የሚሠራው ከዚያች ኮሌታ ጀምሮ ነው። ኮሌታዋን በገጀራ የቀረደደ ሰው የዛፉን በር ለብስባሽ ከፍቶ ወረደ ማለት ነው። ጫፉ የተጎመደ ባሕር ዛፍም ከቁርጡ ሥር ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ እነዚያ ቀንበጦች አያያዛቸው የላላ ስለሆነ ሲወፍሩ በነፋስ ይገነጠላሉ። ዛሬ «አሳጠርነው» ብለን የተደሰትንበት ዛፍ የነገ አደጋ ይሆናል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ክንዱ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው የሚቆርጠው ዛፉ በሚፈልገው ቦታ አይደለም፤ ክንዱ በደረሰበት ቦታ ነው። ሁለት እጁ ነጻ ያልሆነ ሰው ሦስት ቁርጥ ሊቆርጥ አይችልም። ስለዚህ ገመድ ለሰውየው ደኅንነት ብቻ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ የሥራው ጥራት መነሻም ነው። ሰውየውን ያሰረ ዛፉንም አዳነ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ አዲስ ዓለም በምትመሠረትበት ዘመን፣ በ1901 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ ተወልዶ በአሜሪካ ኦሃዮ የኖረ ጆን ዴቪ የተባለ አትክልተኛ ርእሱ «የዛፍ ሐኪም» ማለት የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። ሙያው በዚያ ሀገር ስም አገኘ፤ ስም ሲያገኝ ትምህርት፣ ማኅበርና የምስክር ወረቀት ተከተሉት። ዛፍ ግን በዚያም በዚህም ያው ዛፍ ነው፤ የሰው አጥንትም ያው አጥንት ነው።

ትጥቁም ቢሆን ተአምር የለበትም። ዋናው ወገብንና ሁለቱን ጭኖች የሚያቅፍ መታጠቂያ ነው፤ ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ቀበቶ በአወዳደቅ ጊዜ ሆድና አከርካሪን ይጎዳልና ክብደቱ ለጭንም መካፈል አለበት። ከዚያ በላይኛው ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ የሚዞር የመውጫ ገመድ አለ፤ ግንዱን ዞሮ ከመታጠቂያው ግራና ቀኝ የሚያያዝ አጭር ማሰሪያም አለ። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ፣ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ሰውየው በሁለት ቦታ ይታሰር ይላል፤ መጋዙ አንዱን ቢበጥስ ሌላው ይይዘዋል። ከአገጭ ሥር የሚቆለፍ የራስ ቁር ይጨመራል። ገጀራው ቀርቶ በመሳብ የሚቆርጥ ጠማማ የእጅ መጋዝ ይመጣል፤ ገጀራ ለመሰንዘር ቦታና ጉልበት ይፈልጋል፣ ሲስትም የራስን ጉልበት ያገኛል። ጫማ ላይ የሚታሰረው ሹል ብረት ደግሞ ተቆርጦ ለሚወገድ ዛፍ ብቻ ነው፤ ለሚኖር ዛፍ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ይሆንበታል። ገመድ በገመድ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት የሚነክስ፣ ክብደቱ ሲነሣለት የሚንሸራተት ቋጠሮም አለ፤ ካርል ፕሩሲክ የተባለ ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ስለሆነ ፕሩሲክ ተብሎ ይጠራል። ቋጠሮ እንኳ ስም አለው!

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ። አንዱ «ልማዱ ነው፤ እንደ ጦጣ ነው የሚወጣው፤ ገመድ ያደናቅፈዋል» ይለኛል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ጎበዝ፣ ጀግና፣ ጦጣ እያልን የምናወጣው ውዳሴ ለእኛ ምንም አያስወጣንም፤ ለእርሱ ግን መታጠቂያ አይሆነውም። ከአሥር ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላውም፤ ሲደርስም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። በዚህ ፍጥነት ላይ ልማድ ሥልጣን የለውም።

ሌላው «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» ይላል። ይህን ለሚል ሰው ደብረ ዳሞን አስታውሰዋለሁ። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ወጡበት ተብሎ የሚታመንበት ያ ቅዱስ ተራራ እስከ ዛሬ የሚወጣው በገመድ ነው፤ 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን ገደል ለሚወጣ እንግዳ መነኮሳቱ ከሚይዘው ጠፍር ሌላ አንድ ተጨማሪ ጠፍር ይወረውሩለታል፤ ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ እነርሱም ከላይ ይስቡታል። ከእነዚያ አባቶች የበለጠ እምነት ያለው ማን ነው? እነርሱ ግን የእንግዳቸውን ወገብ ያስራሉ። ስለዚህ ሰውን በገመድ ማሰር ከሩቅ የመጣ ልማድ ነው የሚለውም ክርክር አብሮ ወደቀ።

ሦስተኛው «ድሃ ሀገር ነን» ይላል። ይህ ክርክር ሁልጊዜ የሚቀርበው ስለ ሰውየው ገመድ ሲነሣ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። ለቅርንጫፉ ገመድ ተገኝቶ የለም እንዴ? ድህነታችን ከቆርቆሮው እስከ ሰውየው ወገብ ባለው ርቀት መካከል ብቻ ለምን ይጀምራል? እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ሥራው የሚበዛው ክረምቱ ሲቃረብ፣ ሁሉም ሰው ጣራውን ቀና ብሎ ሲያይ ነው። ዋጋው በር ላይ ቆሞ በክርክር ይቆረጣል፤ ዝቅ አድርጎ የጠራው ይገባል። ራሱን አስሮ የሚሠራ ሰው ጊዜ ይፈጅበታል፤ ረዳትም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህም ሥራውን ያጣል። በእኛ ገበያ ጥንቃቄ የሚያከስር ነገር ሆኗል። ያደረግነውም እኛ ከፋዮቹ ነን።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በራሱ ንግድ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትንም ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። የእኛ ዛፍ ቆራጭ የሚወድቀው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። በየግቢው እየዞረ አንድ ዛፍ በአንድ ዋጋ ተነጋግሮ ይሠራል፤ ሲጎዳ «አሠሪው ማን ነው?» ቢባል ሁሉም እጁን ያወጣል። አስቡት እንግዲህ፤ ቅጽ ላይ ሲጻፍ ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ ነው፤ አጥንቱ ሲሰበር ግን በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ነጻ ባለሙያ ይሆናል። ባለሙያነቱ ትዝ የሚለን ለወጌሻው መክፈል ሲመጣ ብቻ ነው።

የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ያዋጣል፤ ከሞተም እድር ይመጣል። እድራችን ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ሰታቴና ብረት ድስት አለው። ይህ ሁሉ ዕቃ የሚወጣው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ የምለው፣ በዚያው የዕቃ ቤት ውስጥ አንድ መታጠቂያ፣ አንድ የራስ ቁር፣ አንድ ማሰሪያ፣ ፀሐይ ያልመታው አንድ ጥሩ የመውጫ ገመድ ለምን አይቀመጥም? ድንኳን እንደሚያውስ ሁሉ በአባሉ ግቢ ዛፍ ሲቆረጥ ያውስ። አባሉም ትጥቁን ሳያስለብስ ማንንም ዛፍ ላይ እንዳያወጣ በእድሩ ደንብ ይጻፍ። ለድንኳን ያዋጣ ማኅበር ለገመድ ማዋጣት አያቅተውም። ዕቃውን የሚመረምር አንድ ሰው ይመደብ፤ አንዴ የወደቀ ሰው የያዘ ገመድ ዳግመኛ ሰው አይያዝበት።

ገመድ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አያያዙን የማያውቅ ሰው በገመዱ ይታነቃል። ስለዚህ ሥልጠና ያስፈልጋል። አምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፣ ጉደር ላይም የግብርና ካምፓስ አለው። ለአውራጃው ዛፍ ቆራጮች በዓመት አንድ ሳምንት ቋጠሮ፣ ሦስት ቁርጥና የኮሌታን ነገር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ተማሪዎቹም ከእነዚያ ሰዎች የሚማሩት ብዙ ነው፤ የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር እንደሚከዳ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ደግሞ ኃይል ሳይቋረጥ በማንም እንዳይነካ ማዘጋጃ ቤት ይቆጣጠር። የችግኝ ዘመቻ በጀት ሲያዝም ለሚመለምለው እጅ አንድ መስመር ይጨመር።

ስሙንስ? እኔ «ዛፍ መልማይ» ብያለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ያምጣ። ኦሮምኛም የራሱን ይስጠው። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ግቢያችሁ የሚመጣውን ሰው «ልጁ» አትበሉት፤ ስሙን ጠይቁት፤ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊትም በምን እንደሚታሰር ጠይቁት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላል ተረታችን፤ የወደቀ ሰው ግን ምሳር እንኳ አይመጣለትም፤ ቃሬዛ ነው የሚመጣለት።

ችግኝ ለተከለ ጭብጨባው ደመቀ፣
ዛፉ ላይ የወጣ ስሙ መች ታወቀ?
ለቆርቆሮ ክዳን ልባችን ከራራ፣
ለሰው ወገብ ገመድ እጃችን ምን ፈራ?